አሥራ አንደኛው ጉድጓድ ከላይ ሲታይ

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ሰው «አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» ሲባል ምን ብሎ ነው የሚመልሰው? እኔ ስምንት ወር ሙሉ «እያየሁ ነው» ስል ከረምኩ። ምን እንደማይ ግን የጠየቀኝ የለም፤ ሰው ለወጉ ነው የሚጠይቀው። ከዛሬ ጀምሮ መልሴ እውነት ሆኗል። ሥራዬ ማየት ነው፤ ያውም ከላይ።

ባሕሩ ዳር ያለው የጎልፍ ክለብ ለሦስት ወር ሙከራ ወሰደኝ። አሥራ ስምንት ጉድጓድ አላቸው። እያንዳንዱን በድሮን ቀርጬ የአንድ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አደርገውና ዌብሳይታቸው ላይ እጭነዋለሁ፤ ገና ያልመጣ ተጫዋች ቤቱ ቁጭ ብሎ ሜዳውን እንዲያውቀው። የክለቡ ኮሚቴ ከወደደው ቋሚ እሆናለሁ። ካልወደደው ወደ «እያየሁ ነው» እመለሳለሁ።

እናቴ ነገሩ አልዋጥላት አለ። «ጉድጓድ ምን አለውና ይቀረጻል?» አለችኝ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም። እነሱ ጉድጓድ የሚሉት ኳሷ የምትገባባትን ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ከመምቻው ቦታ እስከ ባንዲራው ያለውን ሜዳ በሙሉ እንደሆነ አስረዳኋት። አንዳንዱ አራት መቶ ሜትር ይሆናል አልኳት።

«አራት መቶ ሜትር ጉድጓድ» አለች ለራሷ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ወንድሜ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል፣ በአንደበት ደግሞ በሃምሳ። «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራ ሣር ልትቀርጽ» አለ። «ሣሩ ቢሮጥ እንኳ አንድ ነገር ነው።»

ከእራት በኋላ እናቴ ለጎረቤታችን በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ልጄ አብራሪ ሆነች» አለች። አላረምኳትም።

ረቡዕ

ነፋስ። ድሮኗ ተነሣች፣ ወደ ባሕር ሄደች፣ እኔ ወደ ሜዳ ነበር ያዘዝኳት። መለስኳት። ሁለት የባሕር ወፎች አባረሯት። አራት ባትሪ፣ አራቱም ባዶ። ለእናቴ «ጥሩ ነበር» አልኳት።

ዓርብ

ቢሮዬ የድሮ የጫማ ክፍል ነው። መደርደሪያው አሁንም የእግር ቁጥር ተጽፎበታል፤ ኮምፒውተሬ የተቀመጠው አርባ ሦስት ላይ ነው። ግድግዳው እንጨት ስለሆነ ከወዲያ ያለው የተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ሰው ቢያስነጥስ «ይማርህ» ልለው እችላለሁ። ሆን ብዬ አልሰማም። ጆሮ ግን ክዳን የለውም።

ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ሰው ነው። ጥርሱ ነጭ ነው፣ ሸሚዙም። «እዚህ አንቱታ የለም፤ ቤተሰብ ነን። አንተ በይኝ» አለኝ። ተግቼ አንተ እለዋለሁ።

ሌላው ትልቅ ሰው የሣሩ ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሜዳ አጭደዋል። ሣሩን እንደ ፀጉር ስለሚንከባከቡት ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ማበጠሪያ» ይላቸዋል፤ እኔ ፊት ለፊት ጋሼ ብቻ ነው የምላቸው። ዛሬ ድሮኗን ሳስነሣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ንብሽ ትናደፋለች?»

«አትናደፍም ጋሼ።»

«ማርስ ትሰጣለች?»

«ማርም አትሰጥም።»

«ታዲያ ምን አግኝታ ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ «ንቢቱ» ይለኝ ነበር። በሁለተኛ ቀኔ ሳይሆን በአምስተኛው መሆኑን እንደ ዕድገት ቆጠርኩት።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ጉድጓዶች ቀረጽኩ። ሰማዩ እንደ መስታወት፣ ስድስት ሰዓት፣ አንድም ጥላ የለ። ከመምቻው ቦታ ትነሣለች፣ ሠላሳ ሜትር ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትገሰግሳለች፣ ባንዲራው ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ሥራ አስኪያጁ «ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ» አለ። ደረቴን ነፋሁ። ነፍቼ ደግሞ ለጋሽ ማበጠሪያ ላሳይ ሄድኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። «ይሄ የት ነው?»

«የእርስዎ ሜዳ ነዋ ጋሼ። ሦስተኛው ጉድጓድ።»

«ሦስተኛውን አውቀዋለሁ። ይሄ የተተኮሰ የአልጋ ልብስ ነው።»

ከዚያ አስተማሩኝ፤ ማለቴ ተሳለቁብኝ፣ እኔ ግን ተማርኩ። ይህ መሬት በባሕሩና በእርሻው መሀል የቀረ አሸዋ ነው፤ ለማረስ አይረባ፣ ለመዋኘት አይሆን። እንዲህ ያለውን ሜዳ «ሊንክስ» ይሉታል። ዛፍ የለው፣ ኩሬ የለው። ያለው ነፋስና ጉብታ ነው። ኳሷ ሣሩ ላይ ካረፈች በኋላ ወዴት እንደምትንከባለል የሚወስነው ጉብታው ነው፤ ተጫዋቹን የሚያስለቅሰውም እሱ ነው።

«ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም» አሉ። «ጥላ ከሌለ ጉብታ አይታይም። ጉብታ ካልታየ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ስሠራ ነበር?»

ተናድጄ ወጣሁ። ስለ ሣር የሚያውቅ ሰው ስለ ካሜራ ምን ያውቃል። ቤት ገብቼ ዘጠኙንም ደግሜ አየሁ።

የአልጋ ልብስ ነው።

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። ፀሐይዋ ከባሕሩ ጫፍ ስትወጣ ድሮኗን አስነሣሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያየሁትን አላመንኩም። ያ ጠፍጣፋ ሜዳ ተነሥቶ ተቀመጠ። ጉብታው ጥላውን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ ሸለቆው ጠቁሮ፣ የአሸዋ ወጥመዱ ከንፈሩ ወጥቶ፤ ልክ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚገላበጥ ሰው ይመስላል።

ዕድለኛም ነበርኩ። ጋሽ ማበጠሪያ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ማጨድ ይጀምራሉ አሉ፤ የማሽኑ ጎማ ጤዛው ላይ መስመር ስለሚያወጣ ቪዲዮዬ ይበላሽ ነበር። ዛሬ የማሽኑ ቁልፍ ጠፍቶባቸው እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

ሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

አራተኛውና አምስተኛው ጉድጓድ ተቀረጹ። የሚገርመው ዛሬም ቁልፉ ጠፍቶባቸዋል።

ረቡዕ

ዛሬም። የዕድሜ ነገር ያሳዝናል። ከሱቅ ጠንካራ ክር ገዝቼ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዲያንጠለጥሉት ሰጠኋቸው። አመሰገኑኝ። ለምን እንደሳቁ አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ አምስተኛ ሳምንት

የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቪዲዮዎች ወጡ። በቀስት አሳይቻለሁ፤ «ኳሱን እዚህ ጣሉ»፣ «ከዚህ ራቁ»። ርቀቱንም ጽፌያለሁ። ስንት ሰው እንዳያቸው አልተከታተልኩም። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ወንድሜ ስልኩ ላይ ሦስተኛውን አየና ዝም አለ። እሱ ዝም ማለት ከጀመረ ሽልማት ነው። ቆይቶ «ሣሩ እውነትም ይሮጣል» አለ።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

በግድግዳው በኩል የተሰማ። አንድ እንግዳ፣ በድምፁ በራሱ የሚተማመን፦ «ሌሊቱን ሁሉንም አጥንቻቸዋለሁ። ከላይ ሲታዩ እኮ ቀላል ናቸው።»

ከአራት ሰዓት በኋላ ያው ድምፅ፣ ያለ መተማመን፦ «ሰባት ኳስ ጠፋኝ።»

ይህን ለጋሽ ማበጠሪያ አልነገርኳቸውም፤ ረጅሙ ሣር ውስጥ አብረውት ሲፈልጉ ስለዋሉ ያውቁታል። «ጎልፍ የሚጫወተው ወፍ ቢሆን ኖሮ ቪዲዮሽ እንከን አይወጣለትም ነበር» አሉኝ።

ቀልድ ነው። ግን ሁለት ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አሁን ሦስት።

ሐሙስ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ለመጨረሻ ያቆየሁትን አሥራ አንደኛውን ጨረስኩ። እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። ራሴን ማመስገን ልማዴ አይደለም፤ ዛሬ ግን ለምጄዋለሁ።

አሥራ አንደኛው ከሌሎቹ ይለያል። መምቻው ቦታ ላይ ቆሞ ባንዲራው አይታይም። ፊት ለፊት የቤት ቁመት ያለው የአሸዋ ኮረብታ ተገትሯል፤ አናቱ ላይ በኖራ የተቀባ ነጭ ድንጋይ አለ። ተጫዋቹ ድንጋዩን አልሞ ይመታል፣ ኳሷ ኮረብታውን አልፋ ትጠፋለች፣ ወዴት እንደሄደች ሄዶ እስኪያይ አያውቅም። ከወዲያ ያሉት ተጫውተው ሲጨርሱ ደወል ይመታሉ፤ ከወዲህ ያሉት ያኔ ተራቸው መሆኑን ይሰማሉ። ታዲያ ለድሮን ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሰው የማያየውን ማሳየት አይደለም ሥራዋ? ከድንጋዩ በላይ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ከዚያ

(እዚህ የነበሩትን ሦስት መስመሮች ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰርዣቸዋለሁ።)

ሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ አስደግሞ አየው። «ጀግና» አለኝ። «ዛሬውኑ ይውጣ።»

ስወጣ ጋሽ ማበጠሪያን በር ላይ አገኘኋቸው። «አሥራ አንደኛውንም?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ከሁሉም ያማረው እሱ ነው።»

«ይሁን» አሉና ቆባቸውን አጠለቁ። ደክሟቸው ይሆናል።

ዓርብ

ሦስት ሺህ። በአንድ ቀን። አስተያየት ሰጪው በዛ። «ዋው»፣ «በመጨረሻ አየነው»፣ «ምስጢሩ ወጣ»። የምን ምስጢር እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ደስ ይላል።

ቅዳሜ

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ።

እሑድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ቤት ነኝ። እናቴ ያመመኝ መስሏት በየሩብ ሰዓቱ ግንባሬን ትዳስሳለች።

ትናንት ከሰዓት ጫማ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ከግድግዳው ማዶ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። አንደኛውን በድምፃቸው አወቅኳቸው፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ የኮሚቴው አንጋፋ አባል፣ ሁሉም «ዳኛው» ነው የሚላቸው። ሌላው እንግዳቸው ነው። ከሩቅ ነው የመጣው፤ አብሮ አደግ ጓደኛቸው እንደሆነ ከወሬያቸው ገባኝ።

እንግዳው «ደስ የሚል ሜዳ ነው» አለ።

ዳኛው ወንበር ሲስቡ ተሰማኝ።

«አሥራ አንደኛው ግን ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ነው።»

ከዚያ የጫማ ማሰሪያ ሲፈታ ሰማሁ፤ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ከዚያ እንግዳው ወደ መታጠቢያው ሲገባ አንድ ሌላ አባል ቀረብ ብሎ «ምን አለ ሲያየው?» ሲል ጠየቃቸው፣ በሹክሹክታ፣ ልክ ሠርግ እንዴት ነበር እንደሚባለው።

«አይቼዋለሁ አለኝ» አሉ ዳኛው። «ኮረብታው ላይ አወጣሁት፣ ፊቱን ለማየት ብዬ ወደ ጎን ቆምኩ። እሱ ስልኩን አወጣና ለእኔ ያሳየኝ ጀመር።»

ሌላው ሰውዬ ከንፈሩን ሲመጥ እንኳ ይሰማኛል፤ ያ ግድግዳ ምን ዓይነት ግድግዳ ነው።

ከቀረው ሹክሹክታቸው ነገሩ ገባኝ። እዚህ ክለብ ውስጥ ከነጩ ድንጋይ ወዲያ ምን እንዳለ ለአዲስ ሰው አይነገርም። ፎቶ አይነሣም፣ በጽሑፍ የለም፣ ግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎችም የአሥራ አንደኛው የለም። አባል የሆነ ሰው እንግዳውን ይዞ ይወጣል፣ ዝም ይላል፣ ፊቱን ያያል። ይኸው ነው። ዳኛው ይህን ጓደኛቸውን ለማምጣት አሥራ አራት ዓመት ነው የጠበቁት።

ማንም አልነገረኝም። ማንም ያልነገረኝ አለመናገር ራሱ ደንቡ ስለሆነ ነው። ግን ግድግዳው ላይ አሥራ ሰባት ሥዕል ብቻ እንዳለ ቆጥሬ ነበር። ቆጥሬ «አንዱ ጠፍቶባቸው ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። ማየት ሥራዬ ነው የምለው እኔ።

ጋሽ ማበጠሪያ ለምን አላስጠነቀቁኝም? ደግሞ አስጠንቅቀውኝ ነበር። «አሥራ አንደኛውንም?» ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ከሁሉም ያማረ ነው ያልኩት።

ሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ቪዲዮውን ከዌብሳይቱ አነሣሁት። ሰው አስቀድሞ ገልብጦታል፤ የሄደውን መመለስ አልችልም።

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ አየኝና ስልኩ ጠራ። ሲጠራ ግን አልሰማሁም።

ማክሰኞ

ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ። «እርስዎ ከሥራ አመራሩ ጋር ሳይመካከሩ ባወጡት ምስል ምክንያት…» ይላል። እርስዎ። ስምንት ሳምንት ሙሉ አንተ ያስባለኝ ሰው ነው። ምናልባት በሥራ ብዛት «ዛሬውኑ ይውጣ» ማለቱን ረስቶት ይሆናል። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ እኔም ጉዳዬም ይታያል።

የይቅርታ ደብዳቤ ጀመርኩ። አራት ጊዜ።

ሐሙስ

ዛሬ ጋሽ ማበጠሪያ ጫማ ክፍል ድረስ መጡ። ገብተው አያውቁም።

«ንብሽን እዚያው አስቀምጪና ነይ።»

«ወዴት ጋሼ?»

«ወደ ሥራ ቦታሽ።»

አሥራ አንደኛው መምቻ ላይ ወሰዱኝና አንድ ዱላና ሦስት ኳስ ሰጡኝ። እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልጽፈውም። ሁለት ወር ሙሉ በየመምቻው ቆሜ ስክሪን ላይ አቀርቅሬ ነው የከረምኩት። ከአሥራ ስምንቱ አንዱን እንኳ በእግሬ ሄጄበት አላውቅም። ድሮኗ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እኔ ባትሪ እቀይራለሁ።

«ምቺ» አሉኝ።

መታሁ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም።

«ነፋሱን ነው የመታሽው። እሱም የእጁን አገኘ። ድገሚ።»

ሁለተኛው ሣር ነቀለ። እሳቸው የተነቀለውን አንሥተው፣ ቦታው መልሰው፣ በጫማቸው ደልደል አደረጉት። ሦስተኛው፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ተነሣ። ከነጩ ድንጋይ ትንሽ ወደ ግራ አልፎ ጠፋ። ልቤ አብሮት ሄደ። ወዴት እንደወደቀ አላውቅም፤ ይህን ቦታ ሠላሳ ጊዜ ከላይ ያየሁት እኔ አላውቅም።

«ሂጂ ፈልጊው» አሉ። እሳቸው ግን አልተከተሉኝም።

ከላይ ሲታይ ያ ኮረብታ የአውራ ጣት ያህል ነው። በእግር ሲወጡት አሸዋው ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይልጣል፣ ሁለት እርምጃ ወጥተው አንዱን ይንሸራተታሉ። አጋማሽ ላይ ነፋሱ ይቆማል፤ ኮረብታው ይከልለዋል። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነበር የምሰማው። ሦስት እርምጃ፣ ሁለት፣ ድንጋዩን በእጄ ያዝኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። እናቴ ደብተሩን ታነባለች ብዬ ፈርቼ አይደለም።

ይህን ብቻ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ የደረሰኝ በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም። ቪዲዮዬ ላይ ደግሞ ሙዚቃ ጭኜበት ነበር።

ስወርድ ጋሽ ማበጠሪያ ወደ ጎን ቆመው ፊቴን ያዩ ነበር። ምን እንዳዩ አልጠየቅኳቸውም። «ኳስሽን አገኘሽው?» አሉ። ኳስ መፈለግ እንኳ ረስቼ ነበር።

በመንገድ ላይ ማጨጃው ማሽን ጋ ስንደርስ ኪሳቸውን ሳይፈትሹ አስነሡት። ያ እኔ የገዛሁት ክር ማሽኑ መሪ ላይ ታስሯል፤ ቁልፉ ደግሞ ሁሌም የሚሰካበት ቦታ ነው ያለው። ዝገቱን ሳይ ከዚያ ቦታ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነበር። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር ተውኩት።

እሑድ

አሥራ አንደኛውን እንደገና ቀረጽኩ። በዚህኛው ድሮኗ ወደ ላይ አትወጣም። በሰው ትከሻ ቁመት፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ከመምቻው ትነሣለች፣ ኮረብታውን ትወጣለች፣ ነጩ ድንጋይ ጋ ስትደርስ፣ ልክ ከወዲያ ያለው ሊታይ ሲል፣ አለቀ። ሙዚቃ የለም፤ የድሮኗን ጩኸት አጥፍቼ በእግር ስወጣ በስልኬ የቀዳሁትን ትንፋሽና አሸዋ አስገባሁበት። ቀስት የለም። ርቀት የለም።

ወንድሜ አየውና ስልኩን መታ መታ አደረገው። «ቆመ እኮ» አለ።

«አልቆመም፣ አልቋል።»

«ከወዲያ ምን አለ?»

አልነገርኩትም። ግማሽ ሰዓት ነዘነዘኝ። በሕይወቴ ወንድሜ የማያውቀውን ነገር አውቄ አላውቅም፤ በጣም ደስ ይላል።

ማክሰኞ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ዳኛው ጫማ ክፍል መጡ። በሩን አንኳኩተው። ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው፤ እኔ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ተንጠለጠልኩ።

ዙሪያውን አዩ። «እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ እግር ጫማ ጠፍቶብኛል። ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። አላገኘሽውም?»

«አላገኘሁም ክቡር ዳኛ።»

«እንግዲያው ሁለት ክስ አለብሽ።»

የይቅርታ ደብዳቤዬን ሰጠኋቸው፣ ሰባተኛውን ረቂቅ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው አነበቡት፤ አንድ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ። «ሳላውቅ በፈጸምኩት ጥፋት ብለሻል። ይህን ቃል ተከሳሽ ሁሉ ይለዋል። አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። የአንቺ ግን እውነት ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ብትዋሺ ይቀለኝ ነበር።»

«ጓደኛዎ ሄዱ?»

«ሄደ። እንደገና ቢመጣ አይቶታል። የሰው ፊት እንዲያ የሚሆነው አንድ ጊዜ ነው።»

አዲሱን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ትንፋሽ፣ አሸዋ፣ ትንፋሽ፣ ድንጋይ። ጨለማ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«አላለቀም እኮ።»

«አዎ፣ አላለቀም።»

ተነሡ፣ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ወጡ። ወደዱት አልወደዱት አላውቅም። ደብዳቤዬን ግን ይዘውት ሄደዋል።

ሐሙስ

ኮሚቴ። አጭር እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ሰባት ሰው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለእኔ በሩ አጠገብ አንድ ወንበር። ሥራ አስኪያጁ ተናገረ። አሥራ ሰባቱ መልካም ናቸው፤ አሥራ አንደኛው ግን መጀመሪያ ከልክ አለፈ፣ አሁን ደግሞ ከልክ ጎደለ። «አሥራ ስምንት አዝዘን አሥራ ሰባት ተኩል ነው የተረከብነው» አለ። «ሙከራው አልተሳካም። በሰላም ብንለያይ ይሻላል።»

ማንም አላየኝም። እኔም ጠረጴዛው ሥር ያሉትን ጫማዎች አይ ነበር፤ የሥራ ልማድ ነው።

ዳኛው «ውሉን ላየው» አሉ።

ውሉ መጣ። እኔ ስፈርም ያየሁት ስሜ የሚጻፍበትን መስመር ብቻ ነው። እሳቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገጽ ገለጡ፤ ተመለሱ። ሰዓት ያለው ሁሉ ሰዓቱን አየ።

«የሙከራ ጊዜው የሚያበቃው አሥራ ስምንቱም ጉድጓዶች ከመምቻ እስከ ባንዲራ ተቀርጸው ኮሚቴው ሲረከብ ነው ይላል። ሦስት ወር የሚል የት አለ?»

«እሱን በቃል ነው የተነጋገርነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«መልካም። በቃል የተባለውን በቃል እናስታውሰዋለን። አሁን አንድ ጥያቄ ላቅርብ። አሥራ አንደኛው እስከ ባንዲራው ድረስ ተቀርጾ እንዲወጣ የሚፈልግ እጁን ያንሣ።»

ማንም አላነሣም። የሥራ አስኪያጁ እጅ ጠረጴዛውን ለቆ ትንሽ ወጣ፤ ጆሮውን አክኮ ተመለሰ።

«እንግዲያው ሥራው አላለቀም» አሉ ዳኛው። «ሙከራውም አላበቃም። ያላበቃን ሙከራ አልተሳካም ማለት አይቻልም።»

ሂሳብ ሹሟ ግራ ገብቷት «እና ቋሚ ትሁን ማለትዎ ነው?» አለች።

«ሥራዋን ሳትጨርስ?» አሉ ዳኛው፣ ፊታቸው ሳይፈታ። «እንዴት ተደርጎ።»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው?»

«አሥራ አንደኛው እስኪያልቅ።»

ከጠረጴዛው መጨረሻ አንድ ሰው ሳቅ ሊያፍን ሲሞክር አስነጠሰ። እኔ ይማርህ አልኩ። ማለት የሌለብኝ ቦታ ነበር።

ጋሽ ማበጠሪያ ውጭ ነበሩ፤ ከእንግዲህ አጋጣሚ እንዳይመስለኝ ተምሬያለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሥራ እንዳይጠፋሽ ነው» አሉ። «ሦስተኛውን አንቺ ከቀረጽሽው ወዲህ ነፋሱ አሸዋውን አንድ ክንድ ገፍቶታል። በየወቅቱ እንደ አዲስ መቅረጽ አለብሽ። ነገ ጎህ ሲቀድ ነይ።»

«ቁልፉ ይጠፋል?»

«ዕድሜዬን ታውቂው የለ» አሉ።

ቤት ስገባ እናቴ «ተቀጠርሽ?» አለች።

«አልተባረርኩም።»

ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ ሳትወስን አየችኝ። አስረዳኋት። ሥራው እንዳያልቅ ተወስኗል፣ ሥራው እስካላለቀ እዚያ ነኝ።

«የማያልቅ ሥራ» አለች፤ አጠገቧ የተቆለለውን ጨርቅ አየችና «እሱንማ አውቀዋለሁ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

ዓርብ

አዲሱ አሥራ አንደኛ ዛሬ ወጣ። ከሥሩ የሚጻፈውን ስጽፍ ስደልዝ ዋልኩ። ዳኛው በእስክሪብቷቸው አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩበት፤ ሌላ አልነኩትም። ሥራ አስኪያጁም አነበበውና «ጥሩ ነው፣ አንቺ» አለኝ። እርስዎ ከደብዳቤው ጋር ቀርቷል። እንዲህ ይላል፦

«ይህ ቪዲዮ ነጩ ድንጋይ ጋ ያበቃል። ስልካችሁ አልተበላሸም፤ ኔትወርካችሁም ደህና ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ያለውን ሌላ ቦታ ያያችሁ ካላችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ። ያላያችሁ ኑና በእግራችሁ ውጡት። አይታችሁም፣ ሳታዩም የምትመጡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ያያችሁትን አትንገሩን። ድንጋዩን በእጃችሁ ስትይዙ መጀመሪያ የሰማችሁት ምን እንደሆነ ብቻ፣ በአንድ መስመር፣ እዚህ ሥር ጻፉልን። እኔ የራሴን ገና አልጻፍኩም። እናንተ ቅደሙ።»